ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ ቀረጥ ሲቀንሱ በትክክል የሚጠቀመው ማነው?

የመመረቂያ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። በታዳጊ አገሮች መካከል ስለሚደረጉ ክልላዊ የንግድ ስምምነቶች የመመረቂያ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው። ባነበብኩ ቁጥር ግን ይበልጥ ግራ እየገባኝ መጣ።

ስምምነቱማ ሞልቷል። ላቲን አሜሪካዎች በ1960 ሞንቴቪዴዮ ላይ ነጻ የንግድ ማኅበር መሠረቱ። መካከለኛው አሜሪካም በዚያው ዓመት የጋራ ገበያ አቋቋመ። የምዕራብ አፍሪካው ኤኮዋስ በ1975 መጣ፣ የደቡብ ምሥራቅ እስያው አሴያን በ1992 ነጻ የንግድ ቀጠናውን ተፈራረመ፣ የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካው የጋራ ገበያ ኮሜሳ በ1994 ሥራ ጀመረ፣ የደቡብ እስያው ሳፍታ በ2004 ተፈረመ፣ የአፍሪካ አህጉራዊ ነጻ የንግድ ቀጠና ደግሞ በ2018 ኪጋሊ ላይ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ሁሉ ተፈርሞ የደቡብ እስያ አገሮች እርስ በርስ የሚነግዱት ከጠቅላላ ንግዳቸው 5 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። አፍሪካ ውስጥ 15 በመቶ ገደማ ነው። አሴያን ብቻ ከ20 በመቶ በላይ ወጥቷል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀረጥ ተነሳ ከተባለ በኋላ ንግዱ ለምን አያድግም? ሁለተኛ፣ ሁለት ደሃ አገሮች ብዙ ጊዜ የሚያመርቱት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሁለቱም ጥሬ ዕቃ ላኪ ከሆኑ ምን ይሸጣጣሉ? ከሀብታም አገር ጋር መዋዋሉ አይሻልም ወይ የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። የምር ገብቶኝ መጻፍ ነው የምፈልገው።

ቁጥር ወዳድ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። ከሁለተኛው ልጀምርልህ፤ የመጀመሪያው ከእሱ ይወጣል።

ጄከብ ቫይነር የሚባል ኢኮኖሚስት በ1950 የጻፈው ነገር እስከ ዛሬ የዚህ ወሬ መነሻ ነው። ቀረጥ ለጎረቤትህ ብቻ ስታነሳ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል አለ። አንዱ ንግድ መፍጠር ነው፤ አገር ውስጥ በውድ ታመርተው የነበረውን አሁን ከጎረቤት በርካሽ ትገዛለህ። ሌላው ንግድ ማዛወር ነው፤ ከሩቅ በርካሽ ትገዛው የነበረውን አሁን ከጎረቤት በውድ ትገዛለህ፣ ምክንያቱም ጎረቤት ቀረጥ አይከፍልም።

በቁጥር እንየው። አንድ ዕቃ ከሩቅ አገር 100 ዶላር ይመጣል፣ ከጎረቤት 115። ቀረጡ 20 በመቶ ነው። ከስምምነቱ በፊት የሩቁ 120 ገባ፣ የጎረቤቱ 138። ስለዚህ ከሩቅ ትገዛለህ፣ መንግሥትም 20 ዶላር ይሰበስባል። ስምምነቱ ተፈረመ እንበል። የጎረቤቱ 115፣ የሩቁ አሁንም 120። ሸማቹ ወደ ጎረቤት ዞሮ 5 ዶላር አተረፈ። መንግሥት ግን 20 ዶላር አጣ። አገር እንደ አገር 15 ዶላር ከሰረ ማለት ነው። ያ 15 ዶላር ጠፍቶ አልቀረም፤ የጎረቤትን ውድ ፋብሪካ ለመደጎም ነው የሄደው። ንግዱ ግን "አድጓል" ተብሎ ሪፖርት ይወጣል! ስለዚህ እርስ በርስ ንግድ ስንት በመቶ ደረሰ የሚለውን ብቻ አይተህ ስምምነቱ ሠራ ወይም አልሠራም እንዳትል። ይህችን ጽሑፍህ ውስጥ አስገባት።

አሁን ደግሞ ያቺኑ ዕቃ ይዘን ለጎረቤት ቀረጡ እንደተነሳ ሆኖ፣ ለሌላው አገር ሁሉ ወደ 10 በመቶ እናውርደው። የሩቁ 110፣ የጎረቤቱ 115። ማንም ወደ ውዱ አይዞርም። ለጎረቤት በሩን ስትከፍት ለሌላውም ያለውን ግድግዳ ዝቅ ካደረግህ ጉዳቱ ይቀንሳል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሌክሳንደር ዬትስ የሚባል የዓለም ባንክ ኢኮኖሚስት ስለ መርኮሱር፣ ማለትም ስለ ደቡብ አሜሪካው የጋራ ገበያ የጻፈው ጥናት ትልቅ ጭቅጭቅ ያስነሳው በዚሁ በንግድ መዛወር ጉዳይ ነው። በአባላቱ መካከል በጣም ያደገው ንግድ በዓለም ገበያ የማይወዳደሩባቸው ዕቃዎች፣ በተለይ ማሽነሪና ተሽከርካሪ ነው አለ።

ከሀብታም ጋር ይሻላል ወይ ላልከው፣ በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድክ አዎ የሚሉ አሉ። ሀብታሙ ብዙውን ዕቃ በርካሽ ያመርታል፣ ስለዚህ መዛወሩ ያንሳል። እኔ ግን እዚያ ላይ አልቆምም። ሀብታሙ አገር ከአንተ የሚገዛው ምንድን ነው? ጥሬ ዕቃ። ጎረቤትህስ? ሳሙና፣ ሲሚንቶ፣ የታሸገ ምግብ፣ ብረታ ብረት። አፍሪካ ውስጥ አገሮቹ እርስ በርስ ከሚሸጣጡት ውስጥ የፋብሪካ ምርት ያለው ድርሻ ወደ ሌላው ዓለም ከሚልኩት ይበልጣል። አዲስ ፋብሪካ ደረጃውን የሚማረው መጀመሪያ ጎረቤት በመሸጥ ነው። "ሁለቱም ተመሳሳይ ያመርታሉ" የምትለው ለጥሬ ዕቃው እውነት ነው፣ ለተሠራው ግን አይደለም።

አንድ የሕግ ነገርም ልጨምር፣ አጭር ናት። ጋት በሚባለው ዓለም አቀፍ የንግድና የታሪፍ ስምምነት አንቀጽ 24 መሠረት ነጻ የንግድ ቀጠና የሚመሠርት "ከሞላ ጎደል ሁሉንም ንግድ" ነጻ ማድረግ አለበት። ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ ሲዋዋሉ ግን የ1979 ኢኔብሊንግ ክሎዝ የሚባል ውሳኔ አለላቸው። በእሱ ከፊሉን ዕቃ ብቻ መርጠው፣ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ሳያነሱ ትንሽ ቀንሰው ብቻ መስማማት ይችላሉ። ጥሩ ነጻነት ነው። ግን የመጀመሪያ ጥያቄህ መልስ ከፊሉ እዚሁ አለ፤ መምረጥ ስትችል የምትመርጠው ማንንም የማይጎዳውን፣ ማለትም ማንም የማይገዛውን ዕቃ ነው።

ትራንዚተሯ

ቁጥር ወዳድ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሁላችሁም ቀረጡ በእርግጥ የተነሳ አድርጋችሁ ነው የምታወሩት። እኔ የምውለው ዲክላራሲዮን፣ የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጹን ማለቴ ነው፣ ስሞላ ነው። እስቲ ከዚያ ወንበር የሚታየውን ልንገራችሁ።

ቀረጥ በራሱ አይነሳም። ዕቃው በእርግጥ ከአባል አገር መሆኑን ማሳየት አለብህ፤ አለበለዚያ ማንም ሰው የሩቅ አገር ዕቃ ጎረቤት አሳርፎ፣ ካርቶን ቀይሮ ያስገባልሃል። ለዚህ ነው የስሪት አገር ደንብ የተጻፈው። ደንቡ ያስፈልጋል። ችግሩ አጻጻፉና አፈጻጸሙ ላይ ነው።

ሳሙናን ውሰዱ። ፋብሪካው ፓልም ዘይት ከሩቅ ያስመጣል፣ እዚያው አፍልቶ ሳሙና ያደርጋል። ይህ ሳሙና የአባል አገር ስሪት ነው ወይስ አይደለም? በኮሜሳ ደንብ ከሚታዩት መንገዶች አንዱ የተጨመረ እሴት ነው፤ ከፋብሪካ በር ዋጋው ቢያንስ 35 በመቶው እዚያ የተጨመረ መሆን አለበት። ሌላው የታሪፍ አንቀጽ፣ ማለትም ጉምሩክ ለእያንዳንዱ የዕቃ ዓይነት የሚሰጠው ኮድ ለውጥ ነው፤ ዘይት ሆኖ ገብቶ ሳሙና ሆኖ ከወጣ፣ ኮዱም ከተቀየረ፣ አለፈ። የመጀመሪያው ምን ያህል እንደሚያወዛውዝ ተመልከቱ። ዛሬ ከውጭ የገባው ግብዓት ከ100 ውስጥ 60 ነው፣ የተጨመረው 40፣ አለፈ። በሚቀጥለው ወር የዘይት ዋጋ ጨመረ፣ ምንዛሪውም ተንሸራተተ፣ ግብዓቱ 70 ሆነ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ሳሙና። በዚህ መለኪያ ግን ከእንግዲህ የአባል አገር ዕቃ አይደለም። በኮድ ለውጥ የሚሄደው ግን ምንም አልነካውም። በአሴያን ላኪው ከሁለቱ የሚመቸውን ይመርጣል፤ 40 በመቶ የክልል እሴት ወይም የአንቀጽ ለውጥ። ለብዙው ዕቃ እንዲህ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ላኪውን እፎይ ያሰኘች ነገር ናት።

አንዱን ላጫውታችሁ። ሁለት ኮንቴነር ሳሙና ነበር፣ እኔ ነኝ ያስጨረስኩት። የስሪት አገር ምስክር ወረቀቱ ኦሪጅናል ነው፣ ማኅተሙ አለ፣ ኢንቮይሱ ይገጥማል። መርማሪው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አየው፣ ከዚያ ከመሳቢያ አንድ ዶሴ አወጣ። ዶሴው ውስጥ የፈራሚዎች ናሙና ፊርማ አለ። የእኛ ፈራሚ እዚያ የለም። በሰጪው አገር ሰውየው አዲስ ተሹሞ ነው፣ ናሙና ፊርማው ግን ለአባል አገሮች አልተላከም። "ፊርማውን አናውቀውም" አለን፤ በሥርዓቱ ነው የተናገረው፣ አልፈርድበትም። አስመጪው ሙሉ ቀረጡን በማስያዣ ከፍሎ ዕቃውን አወጣ። የማጣሪያ ደብዳቤው ተጽፎ መልሱ እስኪመጣ አራት ወር ሆነ። ማስያዣው ተመለሰለት፣ ግን በዚያ አራት ወር ገንዘቡ የሥራ ማስኬጃው ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውዬው ምስክር ወረቀት አምጣ ስለው "ተይው እህቴ፣ ልክፈል" ይለኛል። በስምምነቱ ሊጠቀም የሚገባው ሰው ራሱ ቀረጥ መክፈሉን መረጠ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስትጽፍ ስንት አገር ፈረመ የሚለውን ብቻ አትቁጠር። ቀረጥ ሳይከፍል ሊገባ ከሚችለው ዕቃ ስንቱ በእርግጥ ሳይከፍል ገባ ብለህ ጠይቅ። ሌላም ነገር አለ። መደበኛው ቀረጥ 3 በመቶ ከሆነ ለ3 በመቶ ብሎ ማንም ወረቀት ሲያሯሩጥ አይውልም። 25 በመቶ ከሆነ ይሮጣል።

ጋሽ ታሪክ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ጥሩ ጻፋችሁ። አንድ ነገር ግን ዘለላችሁ። እነዚህ ስምምነቶች በወረቀት ብዛት አይሞቱም፣ በወረቀት ብዛት ይዳከማሉ እንጂ። የሚገድላቸው "እኔ ምን ደረሰኝ?" የሚለው ጥያቄ ነው።

የድሮውን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ እዩ። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ በ1967 ተፈራረሙ። ባቡሩ የጋራ፣ ወደቡ የጋራ፣ ፖስታው የጋራ፣ አየር መንገዱም የጋራ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ ስምምነቶች ከሚመኙት በላይ ነበራቸው። ግን ፋብሪካው ናይሮቢ ላይ ተከማቸ። አላዩም እንዳትሉ፤ አይተውታል። ታንዛኒያና ዩጋንዳ ከኬንያ በሚገባ የፋብሪካ ዕቃ ላይ የዝውውር ግብር እንዲጥሉ ተፈቀደላቸው። የልማት ባንክም አቋቁመው ከሚያፈስሰው ገንዘብ ለሁለቱ እያንዳንዳቸው 38.75 በመቶ፣ ለኬንያ 22.5 በመቶ ብለው አከፋፈሉ። እስከ ነጥብ ድረስ ተደራድረውበታል። ሆኖም ባለፋብሪካ ገንዘቡን የሚያፈስሰው ገበያና መንገድ ወዳለበት ነው፤ የባንኩ ገንዘብ ያንን ለመመለስ አልበቃም። በ1971 ኢዲ አሚን ሥልጣን ያዘ፣ የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ኔሬሬ ከእሱ ጋር አልቀመጥም አሉ፣ መሪዎቹ መሰብሰብ አቆሙ። በ1977 ፈረሰ። ታንዛኒያ ከኬንያ ጋር ያላትን ድንበር ዘጋችው፣ እስከ 1983 ድረስ አልተከፈተም።

መካከለኛው አሜሪካም እንዲሁ ነው። ኢንዱስትሪው ወደ ኤል ሳልቫዶርና ጓቲማላ ሲያደላ ሆንዱራስ የሌሎች ገበያ ብቻ ሆንኩ አለች። በ1969 ከኤል ሳልቫዶር ጋር ጦርነት ገጠሙ፤ የጦርነቱ ሰበብ ብዙ ነው፣ መሬትና ስደተኛም አለበት። በቀጣዩ ዓመት ሆንዱራስ ከጋራ ገበያው ወጣች። የሞንቴቪዴዮው ማኅበርስ? አርጀንቲና፣ ብራዚልና ሜክሲኮ በለጡን ያሉት መካከለኞቹ አገሮች በ1969 የአንዲስን ስምምነት ለብቻቸው አደረጉ። እናት ማኅበሩ በየዕቃው ስም እየተደራደረ ቆይቶ በ1980 በሌላ ተተካ።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። ምሥራቅ አፍሪካዎቹ ከዚያ ውድቀት ተማሩ። በ1999 ስምምነቱን እንደገና ፈረሙ፣ በ2005 የጉምሩክ ኅብረቱን ሲጀምሩ እኩል አልጀመሩም። የዩጋንዳና የታንዛኒያ ዕቃ ወዲያው ያለ ቀረጥ ኬንያ ገባ። ከኬንያ ወደ ሁለቱ በሚሄዱ የተወሰኑ ዕቃዎች ላይ ግን ቀረጡ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀስ እያለ ወረደ። ትልቁ መጀመሪያ ይከፍታል፣ ትንሹ ጊዜ ያገኛል። የአህጉሩም ስምምነት ይህንን ሐሳብ ይዟል፤ ከታሪፍ መስመሮች 90 በመቶውን ነጻ ለማድረግ ለሌላው 5 ዓመት፣ በጣም ላላደጉት 10 ዓመት ተሰጥቷል።

የመመረቂያ ተማሪ

ጋሼ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ወር ሙሉ ካነበብኩት ይልቅ ይህ ገባኝ።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ጋሼ፣ ትልቁ መጀመሪያ ይክፈት ሲባል ትልቁ ለምን ይስማማል? ምን ያገኛል? እህቴ ደግሞ፣ ያ የሳሙና ነጋዴ ሁለት ኮንቴነር ያለው ሰው ነው። በትከሻዋ ተሸክማ ድንበር የምትሻገረዋ ሴትስ ያንን ሁሉ ወረቀት እንዴት ትችለዋለች?

ጋሽ ታሪክ

ልጄ፣ ትልቁ ብዙ ጊዜ የሚስማማው የሚከፍተው ነገር ስለማይከብደው ነው። ሕንድን እይ። በሳፍታ ውስጥ እያንዳንዱ አገር ይህን አትንኩብኝ የሚለው የዕቃ ዝርዝር አለው፤ ሴንሲቲቭ ሊስት የሚሉት ነው። ሕንድ በ2011 በጣም ላላደጉት ጎረቤቶቿ ያንን ዝርዝር ወደ 25 ዕቃ አወረደችው። የቀረው መጠጥና ትምባሆ ነው። ባንግላዴሽ ስትጮኽበት የነበረው ልብስ ተለቀቀ። ለሕንድ ገበያ ትንሽ ነገር ናት፣ ለባንግላዴሽ ግን ብዙ ፋብሪካ ናት። በሕንድና በፓኪስታን መካከል ግን እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ የደቡብ እስያ አገሮች ማኅበር በሙሉ ይቆማል። መሪዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰበሰቡት በ2014 ካትማንዱ ላይ ነው። ያንን 5 በመቶ ስትጽፍ ከጎኑ ይህንንም ጻፈው።

ገንዘብ የሚከፍል ትልቅም አለ። በ1910 የተመሠረተው የደቡባዊ አፍሪካ የጉምሩክ ኅብረት ቀረጡን በአንድ ቋት ይሰበስብና በቀመር ያካፍላል። ሌሶቶና ኢስዋቲኒ ከበጀታቸው ትልቁን ክፍል የሚያገኙት ከዚያ ነው። ደቡብ አፍሪካ በምላሹ ገበያውን ታገኛለች። ይህን ያህል ዘመን የቆየው በዚህ ይመስለኛል።

ቁጥር ወዳድ

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልከራከርዎት። ቋቱ ሌሶቶን አኑሯታል፣ እስማማለሁ። ግን ቋቱ አንድ ዓመት ሲቀንስ በጀቷ አብሮ ይናጋል፤ ገቢዋን በራሷ ግብር እንዳትገነባም አስንፏታል ባይ ነኝ። ማካካሻ ጥሩ ነው፣ ግን የጊዜ ገደብ ቢኖረው። የ2005ቱ የአምስት ዓመት መንገድ የተሻለ የሚመስለኝ ለዚህ ነው፤ ማለቂያው ከመጀመሪያው ተጽፏል፣ ባለፋብሪካውም አውቆ ይዘጋጃል።

ትራንዚተሯ

ስለ ተሸካሚዋ ሴት ስለጠየቅክ ደስ አለኝ፤ ብዙ ሰው ይረሳታል። ለእሷ ኮሜሳ ቀለል ያለ የንግድ ሥርዓት የሚባል አለው። ሁለት አገሮች የጋራ የዕቃ ዝርዝር ይስማማሉ። ዕቃዋ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሆነና ዋጋው ከተቀመጠው ጣሪያ ካላለፈ፣ ያን ረጅሙን ፎርም ትታ ቀለል ያለ ምስክር ወረቀት ኬላው ላይ ትሞላለች። አንዳንድ ኬላ ላይ በቋንቋዋ የሚያስረዳት ዴስክ አለ።

ግን ዝርዝሩ ካልታደሰ ዋጋ የለውም። እሷ የምትሸጠው ከዝርዝሩ ውጪ ከሆነ ያው ወደ ጫካ መንገዱ ትመለሳለች፣ እዚያ ደግሞ ዕቃዋም ራሷም ለአደጋ ይጋለጣሉ። ቀረጡ ቢነሳላትም የጤና ምስክር ወረቀት አምጪ፣ የደረጃ ማረጋገጫ አምጪ ይመጣል፤ ላቦራቶሪው ዋና ከተማ ነው፣ እሷ ድንበር ላይ ናት። ኬላውን ማሳጠር ይቻላል። በ2009 ዛምቢያና ዚምባብዌ ቺሩንዱ ላይ የጋራ አንድ ማቆሚያ ኬላ ከፈቱ፤ መኪናው ሁለቴ መቆሙ ቀርቶ አንዴ ይቆማል፣ የሁለቱ አገር ሠራተኛ አንድ ቦታ ያየዋል።

አሴያንም በ2020 ላኪው ራሱ ኢንቮይሱ ላይ የስሪት አገሩን እንዲያረጋግጥ የሚያስችል ሥርዓት ጀምሯል፤ ፈቃድ ላገኘ ላኪ ነው። እንዲህ ቢሆን ያቺ የእኔ ዶሴ፣ ያ ናሙና ፊርማ፣ ያ አራት ወር አይኖርም ነበር።

የመመረቂያ ተማሪ

እሺ። የጽሑፌን ርዕስ ልቀይር ነው። ስንት ተፈረመ የሚለውን ትቼ፣ ቀረጥ ሳይከፍል መግባት ሲችል ከፍሎ የገባው ስንት ነው በሚለው ልሂድ። እህቴ፣ ይህን ከየት ነው የማገኘው?

ትራንዚተሯ

ዲክላራሲዮን ላይ ልዩ ታሪፍ የጠየቀ ሰው የሚሞላው ኮድ አለ። በዚያ ኮድ የገባውንና ያለ ኮዱ ከዚያው አባል አገር የገባውን ለይተህ ጉምሩኩን ጠይቅ። ሁሉንም ዕቃ አንድ ላይ አትጠይቅ፣ አይሰጡህም። አምስት ስድስት የታሪፍ አንቀጽ መርጠህ በደብዳቤ ጠይቅ። ሳሙናን እንዳትረሳ፤ 34.01 ነው።